በሰው ስም አቤት ያለችው ዋጋነሽ

ዋጋነሽ ጨርቅ ሳይኖራት ትሰፋ ነበር። የሟች ባሏ የወልደጊዮርጊስ የስፌት መኪና ከመስኮቷ ሥር ናት። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት ደግሞ ልጇ ሉሲ ከትምህርት ቤት ልትመጣ ስትል ፔዳሉን ትረግጠዋለች፤ ግቢው ሁሉ ይሰማል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ጠቅ ጠቅ። ኮልፌ ቤቶቻችን ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ የአንዱ ሳል ሌላውን ያነቃል። መኪናዋን የሰማ ሁሉ «ዋጋነሽ ሥራ አላት» ይላል። እኔ ግን ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ። መቀስ ሲቆርጥ ሰምቼ አላውቅም፤ ልብስ ይዞ ከቤቷ የሚወጣ ሰውም አላየሁም። አንድ ቀን ጨው ልዋስ ብዬ ብገባ መርፌው ላይ ክር የለም። ተያየን።

«መኪናው እንዳይዝግ ነው፣ እማማ» አለችኝ።

«ደግ አደረግሽ» አልኩና ጨዌን ይዤ ወጣሁ።

ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት። ስሟን ልለውጠው ብዬ ነበር። «አይለውጡት። በሰው ስም የኖርኩት ይበቃኛል» አለች።

ዋጋነሽ የተወለደችው ከቡራዩ ወዲያ፣ ገጠር ነው። እናቷ ልጆቿን ስትጠራ «አቤት» ሲባል ካልሰማች አትወድም ነበር። ጉርሻ በአፍ ቢኖር ዋጥ ተደርጎ አቤት ነው። ተጠርታ ዝም የምትል ልጅ እናቷን ታሰድባለች። ስለዚህ ወደ ኮልፌ ተድራ ከመጣችም በኋላ፣ ጸጉሯ ሽበት ጣል ጣል ካደረገበትም በኋላ፣ ማንም ከበር ላይ ሲጠራት የምትመልሰው ያንኑ ነው፤ መካከሉን ሳብ፣ መጨረሻውን ቀና አድርጋ፣ «አቤ...ት»። እኩዮቿ «ወዬ» በሚሉበት እሷ አቤት ትላለች። ለገዛ ልጇም አቤት ትላለች።

ባሏ ኮልፌ ገበያ ዳር ጠባብ ሱቅ ነበረው። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የሚሰፋው እሱ ነው። ሲሞት ሱቁን አከራዩ ተረከበ፣ መኪናዋ ወደ ቤት መጣች። ዋጋነሽ ቁልፍ ከመትከል በቀር ስፌት አትችልም። ይሁን እንጂ ዕድሜዋን በሙሉ «የሰፊው ሚስት» ተብላ ተከብራ የኖረች ሴት ናትና፣ ቤቷ ባዶ መሆኑን ሰው እንዳያውቅባት ትጠነቀቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ወረዳው የሴፍቲኔት ምዝገባ ጀመረ። ሥራ ያጣ ችግረኛ መንገድ እየጠረገ፣ ችግኝ እየተንከባከበ በየወሩ ድጎማ ያገኛል። ማን ይግባ የሚለውን ግን የሚመሰክረው ሰፈሩ ራሱ ነው። አዳራሽ ተሰበሰብን። ከወረዳ የመጣችው ልጅ ከፊታችን ቆማ «ከእናንተ ውስጥ ከሁሉ የባሰበት ማነው?» ትላለች። ስም ይነሳል። ከዚያ ባለስሙ እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ ሰው ስለ ጓዳው ይናገራል። ስንት ጊዜ እንደሚበላ፣ የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚገፋ፣ የሚጦረው ልጅ እንዳለውና እንደሌለው። ሕጉም ተነገረን፤ ሥራ ያገኘ ሰው አሳውቆ ይወጣል፣ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፣ ዋሽቶ የበላ በሕግ ይጠየቃል።

«ዋጋነሽስ?» አልኩ እኔ።

አጠገቤ ነበረች። ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ያዘችኝና አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ፣ «እኔን ተዉኝ። የወልደጊዮርጊስ ቤት ገና ጾሙን አላደረም» አለች። ሰዉ መረቃት። «ለባሰበት የለቀቀች፣ እግዜር ይስጣት» ተባለ። ያን ምርቃት ይዛ ቤቷ ገባችና መኪናዋን ረገጠች።

በዚያ ቀን ስማቸው ከተነሳው አንዷ ጉዲቱ ናት። ጉዲቱ ሁንዴ፣ ከዋጋነሽ ጋር የአንድ እድር ሰው፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ። እሷ ስለ ጓዳዋ ሲነገር አላፈረችም፤ እንዲያውም የጎደለውን ራሷ እየጨመረች አስቃናለች። ተመዘገበች፣ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሳንሱሲ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪነት ተቀጠረች። ለወረዳው ግን አልተናገረችም። ዋጋነሽ ጋ መጣች። የተባባሉትን ኋላ ዋጋነሽ እንዳወራችኝ እጽፈዋለሁ።

«አንቺ፣ ይቺ መኪና የምትሰፋው ምንድነው፣ አየር?» አለች ጉዲቱ ገና ሳትቀመጥ።

«ተይኝ እስቲ።»

«ልተውሽ አልመጣሁም። ሥራ ላስገባሽ ነው። በኔ ቦታ ጥረጊ፣ የሚገኘውን እንካፈላለን።»

«መንገድ? ሰው እያየኝ?»

«ማን ያይሻል? ከአቧራው የተነሳ ሁሉም ፊቱን ጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ወንዝ ማዶ ወዳለው ቡድን ቅያሬ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ እዚያ የሚያውቀኝ የለም። መሪውም አዲስ ልጅ ነው። ጠዋት ስም ሲጠራ አቤት ማለት ነው፣ በቃ። አቤት ማለት መቼም ላንቺ አያቅትሽም።»

«በስምሽ?»

«በስሜ። ስሜ ይጥረግ፣ እኔና አንቺ እንብላ። ያንቺ ስም እንደ ነጭ ነጠላ ታጥፎ ቤቱ ይቀመጣል።»

ዋጋነሽን ያሸነፋት ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። በስሟ ተመዝግባ ብትለምን ድሃ መሆኗ ይታወቃል። በጉዲቱ ስም ብትሠራ ግን የሚያያትም የሚያማትም የለም። ድህነቷን ደብቃ ሌብነት ውስጥ ገባች፤ ያኔ ሌብነት አልመሰላትም። «ላቤን አፍስሼ ነው የምበላው» ትል ነበር ለራሷ። ላቡስ እውነት ነው። ስሙ ነው የሌላ።

ለሉሲ ቢሮ ማጽዳት ጀመርኩ አለቻት። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች። ከወንዙ ድልድይ በታች አንዲት አጥር ሥር ቆማ ሻርፗን ከግንባሯ እስከ አገጯ ትጠመጥማለች፣ ቢጫውን ሰደርያ ታጠልቃለች፣ ከዚያ ስትወጣ ዋጋነሽ አይደለችም። የቡድኑ መሪ ያደሳ ይባላል፤ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ትሑት ልጅ። መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሲሰለፉ ስም ይጠራል።

«ጉዲቱ ሁንዴ!»

«አቤ...ት።»

«እንደ እትዬ ጉዲቱ አቤት የሚል ሌላ አንድ ሰው ስጡኝ» ይላል ያደሳ። «ሌሎቻችሁ እኮ እንደ በግ ነው የምትሉት።»

ይስቃሉ። እሷም ከሻርፗ ሥር ትስቃለች። ሳል ሲይዛት ያደሳ ከአስፋልቱ ዳር አንስቶ ችግኝ ማጠጣት ላይ መደባት። የራሱን ጓንት ሰጣት። «በሕይወቴ እንደዚያ በአክብሮት ያሠራኝ የለም» አለችኝ ዋጋነሽ፣ «የሚያከብረው ግን ጉዲቱን ነበር።»

አንድ ጠዋት ሉሲ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በአጠገቧ አለፈች። ዋጋነሽ መጥረጊያዋን ልታቆም አሰበች፣ ከቆመች ልትታወቅ ነው፤ ስለዚህ ጠረገች። ከልጆቹ አንዷ አፍንጫዋን ይዛ፣ «እነዚህ ደግሞ አቧራውን ከመሬት አንስተው ለኛ ነው የሚያጎርሱት» አለች። ሉሲ ሳቀች። ልጅ ናት፣ ጓደኛ ሲስቅ ይሳቃል። ዋጋነሽ የልጇን ጫማ አየች፤ በዚያው መጥረጊያ የተገዛ ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት መኪናዋ ሳትረገጥ ዋለች። ምን ሆና ይሆን ብዬ ግድግዳውን ቆረቆርኩ። «አቤት» አለች፣ በቃ።

እንዲህ እያለ ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ ሜቲ መጣች።

ሜቲ ከግቢያችን በታች ባለች አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ሕፃን ያዘለች ልጅ ናት። ባሏ ጥሏት ጠፍቷል። ከተጠባባቂዎቹ ተራ ነበረች። ወረዳ በሄደች ቁጥር «ቦታው ሞልቷል፣ ሰው ሲወጣ እንጠራሻለን» ይሏታል። የዕቃ አጣቢነት ሥራ ፍለጋ ሳንሱሲ ድረስ ወርዳ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ብትገባ፣ ጉዲቱ ማማሰያ ይዛ ትልቅ ድስት ላይ ቆማለች። በሌላ ቀን ብትሄድ አሁንም አለች። ሜቲ ቅሬታ ሰሚዎቹ ዘንድ ገብታ ያለችውን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ «ጉዲቱ ሳንሱሲ ወጥ ትሠራለች። ስሟ ደግሞ እዚህ መንገድ ይጠርጋል። የኔ ስም ብቻ ነው ሥራ የፈታው።»

ከወረዳው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔ ፊደል የለየሁት የልጅ ልጄ አንደኛ ክፍል በገባች ዓመት ነው፤ ከእሷ ጋር አንድ መጽሐፍ ላይ ጎንበስ ብለን። ስለዚህ የተለጠፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም፣ ሳነብም ድምፄን አውጥቼ ነው። ዋጋነሽ አብራኝ ነበረች። «ጥ፣ ቆ፣ ማ» ብዬ ጀመርኩ። በሐሰት የተመዘገበ፣ በሌላ ሰው ስም የሠራ፣ ሥራ ይዞ ድጎማ የወሰደ ሰው የሚያውቅ ይጠቁም፣ የጠቋሚው ስም በምስጢር ይያዛል፣ ጥፋተኛው የወሰደውን ይመልሳል፣ በወንጀልም ይከሰሳል ይላል። ቀና ስል ዋጋነሽ የለችም። ጨረስኩ ሳልላት መንገዱን ተሻግራ ሄዳለች።

ስም በምስጢር ይያዛል ይበል እንጂ ሜቲ ራሷ ናት ጮክ ብላ የተናገረችው። ሰፈሩ ጀርባውን ሰጣት። ቧንቧ ላይ ስትመጣ ዝም ይባላል። ጠቋሚ የሚለው ቃል በእኔ ዕድሜ ሰው ያስበላ ቃል ነው፤ ሲጠራ አሁንም ጆሮዬን ይቀፈዋል። ግን ይቺ ልጅ ማንን አስበላች? የራሷን ተራ ነው የጠየቀችው። ይህን ለሴቶቹ ብላቸው «እማማ ደግሞ አርጅተው ሕግ አወቁ» ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ የወደቀው ያደሳ ላይ ነው። ጉዲቱ ተጠርታ ስትጠየቅ «እኔ ቀርቻለሁ፣ ያደሳ ነው እንዳለሁ አድርጎ የሚመዘግበኝ፤ ድርሻውንም ወስዷል» አለች። ሁለተኛ ሰው የሚባል አላነሳችም። ልጁ «እኔ በየጠዋቱ ጠርቻታለሁ፣ አቤት ብላለች» ቢል ማን ይመነው። ከሥራ ታገደ፣ ፖሊስ ያዘው፣ ለምርመራ ቀጠሮ ተጠየቀበት። ጉዲቱ በዋስ ወጣችና ቀጥታ ዋጋነሽ ቤት ገባች። ይህን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ግድግዳችን እንደሆነ ግድግዳ አይባልም።

«ዝም በይ ብቻ» አለች ጉዲቱ። ሳቋ ጠፍቷል። «ስምሽን አላነሳሁም። ፊትሽን ያየ የለም፤ ያደሳ እንኳ በመንገድ ቢያገኝሽ አያውቅሽም። አንቺ በዚህ ነገር ውስጥ የለሽም።»

«ልጁስ?»

«ልጁ ወንድ ነው፣ ይወጣዋል።»

«ምንም ሳያደርግ?»

«አንቺስ ምን አደረግሽ? ጠረግሽ። መንገድ መጥረግ ወንጀል ነው?» ቀጠለችና፣ «ሉሲን አስቢ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ እረፍት አጣች። ጠዋት ትረገጣለች፣ ቀትር ላይ ትረገጣለች። የያደሳ እናት በየቀኑ ምሳ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥለው በግቢያችን በር ያልፋሉ፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መሄጃው በኛ በኩል ነው። ሴትዮዋ ሲያልፉ ፔዳሉ ቀጥ ይላል። ካለፉ በኋላ ይጀምራል። እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ ጎመን ስቀነጥስ ይህን ሰማሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሰማሁ። አልጠየቅኋትም። ሰው ገመናውን ራሱ ሲያወጣውና ሰው ሲጎለጉልለት አንድ አይደለም።

አንድ ረፋድ ላይ መጥታ ከፊቴ ቆመች። ሻርፗን በእጇ ጠቅልላ ይዛለች።

«እማማ፣ ጉዲቱ ጉዲቱ ሲባል አቤት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከሥር ከመሠረቱ ነገረችኝ። ስታወራ አላየችኝም፤ የምታየው የቀነጠስኩትን ጎመን ነው። ስትጨርስ፣ «እናቴ ተጠርቶ ዝም ማለት ነውር ነው ብላ አሳደገችኝ። በማልጠራበት አቤት ስል ኖሬ፣ አሁን በምፈለግበት ቀን ዝም ልበል?» አለች።

 ብትሄድ ልትታሰር ትችላለች፤ ሉሲ አለች። ብትቀር ያ ልጅ አለ። «ነጠላዬን ልልበስ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኩ።

ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ መዝገብ ላይ የተቀመጠው ወጣት ፖሊስ ቀና አለ። «ምን ልርዳዎት፣ እናቴ?»

«አቤት ልል ነው የመጣሁት» አለች ዋጋነሽ።

«እሺ። አቤቱታዎ በማን ላይ ነው?»

«በማንም ላይ አይደለም።»

«ያለ ተከሳሽ አቤቱታ የለም። ማነው የበደለዎት?»

«ኧረ የበደለኝ የለም። አቤት ስል የነበርኩት እኔ ነኝ ነው የምልህ።»

ፖሊሱ እኔን አየኝ፤ አእምሮዋ ደህና ነው ወይ እንደማለት። ወረፋ የያዙት ሰዎች ተሳሳቁ። አንዱ «አቤት ማለት ከተከለከለ እኛም እንመለስ» አለ። ዋጋነሽ ፊቷ ተቀያየረ፤ ሻርፗን ወደ አፏ አስጠግታ መልሳ አወረደችው። ከዚያ የያደሳን ስም ጠራች። ፖሊሱ ብዕሩን አስቀመጠ።

መርማሪው ፊት ቀረብን። ሁሉንም ተናገረች። መርማሪው ጎልማሳ ሰው ነው፣ ብዙ ውሸት የሰማ። «ልጁን ለማስፈታት ዘመድ ልኮዎት ቢሆንስ? እርስዎ መሆንዎን በምን አውቃለሁ?» አለና ያደሳን አስጠራው። ያደሳ ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። ትክ ብሎ አያት።

«ይቺን ሴት ታውቃታለህ?»

«አላውቃቸውም» አለ ያደሳ። ውሸት አይደለም። ለሁለት ክረምት ያሠራትን ሴት ፊት አላወቀውም።

እሷም አላዘነችበትም። ሻርፗን ፈታችና ከግንባሯ ጀምራ እስከ አገጯ ጠመጠመችው፤ እጇ እንደለመደ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ዓይኗ ብቻ ቀረ። ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች፣ ልክ መጥረጊያ እንደተደገፈች ሁሉ ትከሻዋን ጣል አድርጋ።

«ጥራኝ» አለችው።

ያደሳ መርማሪውን አየ። መርማሪው በአገጩ ፈቀደለት።

«ጉዲቱ ሁንዴ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አቤ...ት።»

ያደሳ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «እሳቸው ናቸው» አለ ከእጆቹ ሥር። «እትዬ ጉዲቱ፣ ምነው?» ከዚያ ማን ብሎ መጥራት እንዳለበት ጠፋው። ዋጋነሽ ሻርፗን አልፈታችም። ተጠቅልላ እንደቆመች ስታለቅስ ጨርቁ ረጠበ። እኔም የማየው ቦታ አጥቼ ጫማዬን አየሁ።

ልጁ ተለቀቀ። ዐቃቤ ሕግ ጉዲቱንና ዋጋነሽን በማታለል ከሰሳቸው፤ ጉዲቱ በንጹሕ ሰው ላይ በሐሰት በመናገሯም ተጨመረባት። የችሎቱ ቀን ሉሲ እንዳትመጣ ዋጋነሽ ለምናት ነበር። መጣች፤ ከኋላ ወንበር ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። የተከሳሾች ስም ተጠራ።

«አንደኛ ተከሳሽ፣ ጉዲቱ ሁንዴ።»

«አቤ...ት» አለች ዋጋነሽ።

አፏ ነው የቀደማት። ጉዲቱም ተነስታለች፣ ሁለቱም ቆመዋል። ችሎቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ዝም አሰኘ። ዋጋነሽ ቁጭ አለች። «ሁለተኛ ተከሳሽ፣ ዋጋነሽ ገመቹ» ሲባል ደግሞ አልተነሳችም። በዚያ ስም ተሰልፋ ተጠርታ አታውቅም። ዳኛዋ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው «የሉም እንዴ?» ሲሉ ጎኗ ያለው ጠበቃ ነካ አደረጋት። ያኔ ተነሳች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፁ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም። ሉሲ እጄን ይዛ ነበር። ይበልጥ ጨበጠችኝና፣ «ቢሮ ነው ያለችኝ፣ እማማ» አለች በጆሮዬ። «በዚያ መንገድ እኮ በየቀኑ አልፋለሁ።»  የሳቀችበትን ጠዋት አስታውሳ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም ያን ጊዜ አልሰማሁትም ነበር።

ፍርዱ ተነበበ። ጉዲቱ ታሰረች። ዋጋነሽ በፈቃዷ መጥታ በማመኗና ያለፈ ጥፋት ስለሌለባት እስራቱ በገደብ ሆነላት፤ በገደቡ ጊዜ ሌላ ጥፋት ካልተገኘባት አትታሰርም። የወሰደችውን ትመልሳለች። ከእንግዲህ በሴፍቲኔት አትመዘገብም። ዳኛዋ ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቋት። «በመጀመሪያ ምዝገባው ጊዜ ቢያመለክቱ ኖሮ በራስዎ ስም ይገቡ ነበር። ለምን አላመለከቱም?»

«አፍሬ ነው» አለች ዋጋነሽ።

ዳኛዋ ይህንን አልጻፉትም።

ዕዳውን ለመክፈል የስፌት መኪናዋ ተሸጠች። የገዛት ሰው በጋሪ ሲወስዳት ግቢው ወጥቶ አየ። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ማዶ ምንም አይሰማኝም፤ መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ። ዋጋነሽ ሜቲ ዘንድ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ሜቲ ሕፃኗን እያጠባች ነበር።

«እርስዎ መሆንዎን ባውቅ ኖሮ፣ እትዬ...» አለች።

«ብታውቂ ትተዪኝ ነበር?»

ሜቲ አሰበች። «አልተውዎትም ነበር» አለች። «ግን አስቀድሜ እነግርዎት ነበር።»

«እንኳን አላወቅሽ» አለች ዋጋነሽ። በጉዲቱ ቦታ የገባችው ሜቲ ናት። አሁን ቧንቧ ላይ ሰው ያናግራታል፤ ደመወዝ የሚመስል ነገር ሲገባ ጠቋሚነት ይረሳል መሰለኝ።

ዋጋነሽ የመንገዱ ጥግ ላይ ጎመንና ድንች ትቸረችራለች። ይህን ሥራ ባሏ በሞተ ሰሞን ብትጀምረው ምን ነበረበት ብዬ አስባለሁ፤ ደግሞ ያኔ ብላት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ሰው ከሩቅ ሲመጣ አሁንም እጇ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ይሄዳል። «ሌባዋ ድንች ስንት ነው?» ያላት ባለጌም ነበር። ዋጋውን ነገረችው።

ዘንድሮ የያደሳ ቡድን ወደኛ መንገድ ተዛወረ። ጠዋት ጠዋት የሚሰለፉት ከዋጋነሽ መደብ ትይዩ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ስም መጠራት ሲጀምር ዋጋነሽ ጎንበስ ትላለች፤ የተደረደረውን ድንች አፍርሳ እንደገና ትደረድራለች። እስኪጨርስ ቀና አትልም። ያደሳ ከተፈታ ጀምሮ ሰላምታ ይሰጣታል፤ ከዚያ አልፎ አላወራትም፣ እሷም አልደፈረችም። ጓንቱን አጥባ በእኔ እጅ ልካለት ነበር። «ይያዙት ይበሏቸው» ብሎ መለሰልኝ፤ እሷ ግን አታደርገውም፣ መደቧ ሥር ተቀምጧል።

ባለፈው ሳምንት እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። ያደሳ የመጨረሻውን ስም ጠራ፤ የሜቲ ነው። ሜቲ «አቤት» አለች፣ እንደ በግ። ከዚያ ያደሳ ወረቀቱን አጠፈና መንገዱን አሻግሮ አየ።

«ዋጋነሽ ገመቹ!»

ጠራጊዎቹ ሁሉ ዞሩ። ታክሲ ጠባቂው ዞረ። የዋጋነሽ እጅ ድንቹ ላይ ቆመ። ለአፍታ የማትመልስ መሰለኝ፤ እንኳን አልመለሰች ብዬ ልል ነበር፣ ያፌዘባት መስሎኝ።

«አቤት» አለች። አላረዘመችውም።

«ጎመን ያስቀምጡልኝ፤ ማታ ስመለስ እናቴ አምጣ ብላኛለች።»

«እሺ» አለች።

መጥረጊያዎቹ ተነሱ፣ አቧራው ተነሳ። ዋጋነሽ ከጎመኑ ደህና ደህናውን ለይታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው። ጉንጯ ደም መስሎ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች። ፊቷ አልተሸፈነም ነበርና ማፈሯን መንገደኛው ሁሉ አየው።